አግድምና ቁልቁል

አስተዳደግ የጎደለውን «አግድም አደግ» ብለን እንሰድባለን። ታላቁን የሚዳፈር «ሽቅብ ይናገራል»፤ ድሃን የሚንቅ ደግሞ «ሰውን ቁልቁል ያያል» ይባላል። ለመሆኑ ሰው በትክክል የሚታየው በየትኛው አቅጣጫ ነው? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን የገዛ ራሴ ስህተት ነው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የእርዳታ ስንዴ ተቀባዮችን ዝርዝር በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። እያንዳንዱ አባወራ ወይም እማወራ አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉ ላይ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛትና የስንዴ መጠን አግድም ይሰለፋሉ። ስም ከስም ሥር፣ ብዛት ከብዛት ሥር ቁልቁል ሲወርድ ዓምድ ይሆናል። ስሞቹን በፊደል ተራ እንዳስይዝ ታዘዝኩ። የስሙን ዓምድ ብቻ መረጥኩ። አጎራባቾቹ ዓምዶችም አብረው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ኤክሴል ጠየቀኝ፤ በጥድፊያ «አይ» ብዬ አለፍኩት። ስሞቹ ተራቸውን ያዙ፤ ቁጥሮቹ ግን በነበሩበት ቀሩ።

በእደላው ዕለት ከወገራ ደጋ የመጡ አንዲት እናት ስማቸው ተጠርቶ ቀረቡ። ዝርዝሩ «የቤተሰብ ብዛት 1» ይላል። እናቲቱ አልጮሁም።

«ልጄ፣ አምስቱን ልጆቼን ወዴት አደረስካቸው?» አሉኝ።

የሚያስደነግጠው፣ ዓምዱን ብቻ ለሚመረምር ሰው ስህተት አለመኖሩ ነው። ከስሞቹ አንድም አልጎደለም፤ የስንዴው ድምርም ልክ ነው። ሰዎቹ ግን ከየራሳቸው ኑሮ ተነጥለው የሌላውን ኑሮ ተሸክመዋል።

ያን ማታ የኔታ ትዝ አሉኝ። የፊደል ገበታችን ለካ 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው፣ 231 ፊደላት የሰፈሩበት ሠንጠረዥ ኖሯል! አግድም «ለ ሉ ሊ» ስንል ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ድምፁ ይለዋወጣል፤ ቁልቁል «ሁ ሉ ሑ ሙ» ስንል ካዕብነቱ እንዳለ ሆኖ ቤተሰቡ ይለዋወጣል። አግድሙን እንደ ዜማ ሸምድደን እንዳናታልላቸው፣ የኔታ ቁልቁልም ያስቆጥሩን ነበር። «ሙ» የሚገኘው የ«መ» ረድፍና የካዕብ ዓምድ ሲገናኙ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ልጅ ፊደሉን አላወቀውም።

የሰሜን ጎንደር ተራራም ይህንኑ ያስተምራል። ከደባርቅ ተነስቶ ደጋውን አግድም የሚሄድ መንገደኛ ከገብስ ማሳ ወደ ገብስ ማሳ ይሻገራል። በሊማሊሞ ቁልቁል የወረደ ግን በአንድ ቀን ብርዱን ትቶ ማሽላና ሙቀት ካለበት ቆላ ይደርሳል። አንደኛውን መንገድ ብቻ የሄደ ሰው አገሩን አየሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ዓምድን ማውገዜ አይደለም። ያለ ዓምድ ማነጻጸር የለም፤ ያለ ማነጻጸርም ማን እንደተጎዳና ማን ያለ አግባብ እንደወሰደ አይታወቅም። ፍትሕ ዓምድ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ተማሪውን በውጤቱ ዓምድ ብቻ ስናየው ውኃ ቀድቶ፣ ከብት አግዶ ማጥናቱ ይሰወርብናል። ሠራተኛውን በደመወዙ ዓምድ ብቻ ስንመዝነው የሚጦራቸው ወላጆቹ አይታዩንም። ሰውን በዘሩ ዓምድ ብቻ የሚደረድርማ ከዚህም የከፋ በደል ይፈጽማል፤ ያ ሰው የሠራውንና ያልሠራውን ነገር ሁሉ ከስሙ ነጥሎ፣ ሌላው ያጠፋውን ይለጥፍበታል። እኔ በስንዴ ዝርዝር ላይ ያደረግሁትን እርሱ በሕይወት ላይ ያደርገዋል።

እደላው ቆመ። ከዋናው መዝገብ ጋር እያመሳከርኩ፣ ጣቴን በየረድፉ አግድም እያስኬድኩ እንደገና ጻፍኩት። ሥራው እስኪመሽ ቆየ፤ እናቲቱም ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ ጠበቁ። በመጨረሻ በስማቸው ትይዩ «6» የሚለውን ሳነብላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ዛሬ ስንቱን ሰው በአንድ ዓምድ ብቻ አይተህ ፈረድህበት?