ያረጀን ምሳሌ ስለ መጠገን

አንድ ነገር የሌላ ነገር ምሳሌ ሆኖ ከተሠራ በኋላ በፀሐይና በዝናም ሲጎዳ ምን እናድርገው? እንጠግነው ወይስ እንተወው? ከጠገንነውስ እንደ ጥንቱ እናቆየው ወይስ እንደ ራሳችን ፈቃድ እናሳምረው? ጥያቄው ለአናጺና ለግንበኛ ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የትሕትና ጉዳይ ስላለበት እኛም ወጣቶች ልናስብበት ይገባል።

ነገሩን ከትንሹ እንጀምር። በአውሮፓና በአሜሪካ በግቢያቸው አትክልት መካከል ትንሽ ሐዲድ ዘርግተው ትንሽ ባቡር የሚያስኬዱ ሰዎች አሉ። ከሐዲዱም ዳር ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ጣቢያዎችን፣ መኖሪያ ቤቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን ያቆማሉ። እነዚህ ቤቶች ውጭ ስለሚያድሩ ፀሐይ ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል፤ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሙጫው ይለቃል፤ ውኃ የገባበትም እንጨት ይበሰብሳል። ልምድ ያለው ጠጋኝ አስቀድሞ ቤቱን ያጥባል፤ ውኃው በየት እንደ ገባ ይፈልጋል፤ የለቀቀውን መጋጠሚያ ያጣብቃል፤ ቀለም መቀባቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። እርጥበት የያዘውን እንጨት በቀለም ቢሸፍነው ግን ቤቱ ለጥቂት ጊዜ አምሮ ይታያል እንጂ ከውስጥ መበስበሱን አያቆምም።

ይህ ጨዋታ ነው እንል ይሆናል። ዳሩ ግን ከእኛ ከእስቴ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በላስታ ምድር፣ ከሜዳ ላይ የቆመ ታላቅ ምሳሌ አለን፤ እርሱም ላሊበላ ነው። በትውፊታችን እንደሚነገረው ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ ስፍራውን የኢየሩሳሌም ምሳሌ አድርጎ ሠራው። ስለዚህም በመካከሉ የሚያልፈው ውኃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ደብረ ዘይትም ጎልጎታም በዚያ አሉ። ይህም ብቻ አይደለም። ቤተ አማኑኤልን የተመለከተ ሰው ግድግዳዋ ገባ ወጣ እያለ የተደረደረ እንጨትና ድንጋይ ይመስለዋል። ሆኖም ሁሉም አንድ አለት ነው፤ ፈልፋዮቹ የጥንቱን የአክሱም ቤት አሠራር በአለት ላይ መስለው አሳዩት እንጂ እንጨትስ የለበትም።

ይህ አለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ነው። በክረምት ይርሳል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በዚህም መመላለስ ይሰነጠቃል፤ ይፈረፈራልም። የቀደሙት ሰዎች ይህን አላጡትም። ከላይ አሸንዳ አወጡለት፤ በዙሪያውም ውኃው የሚሄድበትን ቦይ ቆፈሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውኃው እንዳይገባ ተብሎ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። ይህን ያደረጉት ሰዎች ጠላቶች አልነበሩም፤ ለማዳን አስበው ነው። ነገር ግን የረጠበን ድንጋይ ከላይ መድፈን ውኃውን ከውስጥ ማሰር ነው፤ ስንጥቁንም ከዓይን ይሰውራል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው ጥገና ሲካሄድ ይህን ልባስ ለማንሣት ብዙ ተደክሟል። የፊተኛው ጥገና ለኋለኛው ጠጋኝ ሸክም ሆነበት ማለት ነው።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ከቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ከቤተ ማርያም፣ ከቤተ አማኑኤልና ከቤተ አባ ሊባኖስ በላይ በብረት የቆመ ጣራ ተሠራ። ጣራው ዝናሙን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ክብደቱ አለቱን እንዳይጎዳና ወድቆም እንዳያጠፋው የፈራው የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ አቤት ብሏል። እኛ መሐንዲሶች አይደለንምና በዚህ አንፈርድም። አንድ ልዩነት ግን እናያለን። ሬንጁ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ጣራው ግን ሲያስፈልግ የሚነሣ ነው። ኋላ ሊፈታ የሚችል ስሕተትና የማይፈታ ስሕተት እኩል አይደሉም።

«ምሳሌ ከሆነ አፍርሰን የተሻለ ብንሠራ ምን አለበት? አማናዊቱ ኢየሩሳሌም እንደሆነች አለች» የሚል አይጠፋም። መልሳችን ይህ ነው። ምሳሌ ሁለት ነገር ይይዛል፤ የተመሰለለትን ነገርና መስሎ የሠራውን ሰው ትጋት። እኛ እንደ ወደድን ስናድሰው ሁለተኛው ይጠፋና ሥራው እኛን መምሰል ይጀምራል። ጠጋኝ ከሠሪው በታች ነው፤ የሚፈጽመውም የራሱን ፈቃድ ሳይሆን የሌላውን ነው።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያው ምንም አንንካ» ይላል። ይህም ስንፍናን በትሕትና ስም መጥራት ነው፤ ዝናም የእኛን ክርክር ጨርሰን እስክንነሣ አይጠብቅምና። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ካሉት የውጭ ዓምዶች አንዳንዶቹ ስለ ጠፉ በተገነባ ድንጋይ ተተክተዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የተተካው ከጥንቱ ተለይቶ ይታወቃል። መታወቁ ነውር አይደለም። ጥገናው ጥገና መሆኑን አልደበቀም፤ ተመልካቹንም አላታለለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በየአጥቢያችን የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ በጥንቱ ሥዕልም ላይ አዲስ ቀለም ሲቀባ እናያለን። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የምናዋጣውና ጭቃውን የምናቦካው እኛው ወጣቶች ነን። ጉልበታችንና ቅንዓታችን መልካም ነው፤ ግን ቅንዓት ቶሎ የሚታይን ሥራ ይወዳል። ቀለም በአንድ ቀን ይታያል፤ ያስመሰግናልም። የጠራ ቦይ ግን ማንም አያየውም። ሆኖም ግድግዳውን የሚያቆመው ቦዩ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ሥራ ለማደስ ስንነሣ አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ። የጎዳው ምንድን ነው? የምናደርገውን ነገር ኋላ የሚመጡት ሊያነሡት ይችላሉን? ሥራውን የሚያውቁት ሊቃውንትና አረጋውያን ምን ይላሉ? መልሱን እስክናገኝም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ግንቦት ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ክዳኑ የሚያፈስበትን እንይ፤ አሸንዳውን ከቅጠል፣ ቦዩን ከአፈር እንጥረግ። ይህ የማንንም ሥራ አያበላሽም፤ የማንንም ፈቃድ አይተካም።