ጥበብና ማዕረጉ



ዛሬ የማነሣውን ጥያቄ ያገኘሁት ከአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዳስ ትምህርት ቤታችን ከቀረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። የት ከርመህ ነው ብለው፣ በሰፈሩ ዳር ክታብ ከሚጽፉ አንድ አዛውንት ዘንድ መቀመጡን ነገረኝ። «ጋሼ፣ እርሳቸው ዘንድ አንድ ክረምት ብማር አስማት ጽፌ እናቴን አበላለሁ። እርስዎ ዘንድ ስንት ዓመት ተምሬ ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዲፕሎማዬ ግን በመተማ በኩል ወደ ገላባት ስሻገር አብሮኝ አልተሻገረም። የራሱን ማዕረግ በወረቀት ማስረዳት የማይችል መምህር ለሌላው ምን ማዕረግ ይሰጣል? ጥያቄውን ይዤ አደርሁ። ለመሆኑ የተማረ ሰው ከፍ አለ የምንለው በምንድን ነው?

በአገራችን የምሥጢር ዐዋቂ ሲባል ፈጥኖ ወደ ልብ የሚመጣው ደብተራው ነው። ደብተራው ግን ከሰማይ አልወረደም። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የተሻገረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በፊቱ ሁለት መንገድ አለ፤ የእኔም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የጉባኤው መንገድ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን በየጊዜው ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የሌላውንም የራስ ማድረግ ነውር ነው። በዚህ ቤት ማዕረግ የሚገኘው ሰምቶ በሚያርም ጆሮ ፊት በመቆም ነው።

ሁለተኛው የክታቡ መንገድ ነው። በሽተኛው በቁመቱ ልክ ብራና ይለካለታል፤ የክርስትና ስሙ ይገባበታል፤ ጠልሰሙ ይሣልበታል፤ ተጠቅልሎም ይሰፋል። ይህም እጅ መፍታትን፣ ቀለም መበጥበጥን ይጠይቃልና ሙያ አይደለም አልልም። ነገር ግን በሽተኛው ቢድን ክታቡ አዳነው ይባላል፤ ቢሞት ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። እንግዲህ ጸሐፊው መሳሳቱን በምን ያውቃል? ስሕተቱን የማያውቅ ሰው ሊከበር፣ ሊፈራም ይችላል፤ ሊያድግ ግን አይችልም።

አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፦ ጥበብ ላልበሰለ ሰው መገለጥ የለበትም የሚል። እውነት አለበት። ትምህርት እንዲገባቸው ብለው የዐጤ ፋሪስ ፍሬ ያለበትን ዐብሾ የጠጡ ተማሪዎች ነበሩ። ፍሬው መርዝ ነው፤ አእምሮን ያናውጣል፤ ይገድላልም። አቋራጭ የፈለገን ወጣት ከዚህ የሚከለክል መምህር መልካም አደረገ። ሆኖም ተማሪው እስኪበስል ድረስ መሰወር አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ ራሱ እንዳይመረመር መሰወር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለተማሪው ማዘን ሲሆን ሁለተኛው ለራስ መፍራት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ያለንበትን የሱዳን ምድር ተመልከቱ። በኸልዋው ፈቂው ያስተምራል፤ ልጁ የቁርኣኑን ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሳያሰማም ሰሌዳውን አያጥብም። በሌላ በኩል ደግሞ ቃሉ ተጽፎ የታጠበበትን ውኃ በሽተኛ ይጠጣዋል። የጠጪውን እምነት አልነቅፍም፤ የተጨነቀ ሰው ነውና። ነገር ግን አንዱ ቃል ልጁን ሲያሳድገው፣ ጠጪው ከመጠጣቱ በፊት የነበረውን ያህል ብቻ እያወቀ ይነሣል።

ይህን ሁሉ አስቤ ልጁን አስጠራሁት። እንዲህም አልሁት፦ «ወረቀት የለኝም፤ አልዋሽህም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በዳሱ ውስጥ በሰው ፊት ቆመህ ሒሳቡን ትሠራለህ፤ ታናናሾችህንም ታስረዳለህ። ስትሳሳት እናርምሃለን፤ ስሳሳትም ታርመኛለህ። ማዕረግህ ይኸው ነው።»

«እናቴስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም አልሁ። ዋልካው ጭቃ በሆነበት፣ የሰሊጡም ሥራ ገና ባልደረሰበት ወራት፣ ዕውቀት እንጀራ እስኪሆን ታገሡ ብሎ ለተራበ ሰው መንገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወደ አዛውንቱ እንዳይሄድ አልከለከልሁትም። ብቻ ከእርሳቸው የተማረውን አንድ ነገር በመጪው ቅዳሜ በጉባኤ ፊት እንዲነግረን ለመንሁት።

«እንዳልናገር አስምለውኛል» አለ።

«እንግዲያስ ስትሳሳት ማን ያርምሃል?»

አልመለሰልኝም። ቅዳሜ ግን መጣ፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን የክፍልፋይ ሒሳብ አይቶ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለ። ልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ አዛውንቱ ሲሄድ አየሁት።

የእናቱ ጥያቄ ዛሬም ያልተመለሰ ዕዳዬ ነው። መልስ ያላችሁ፣ ይህች ወረቀት ተዘዋውራ ስትደርሳችሁ በጀርባዋ ጻፉልኝ።