አያ ጅቦና የእኛ ቱቦ

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ ጅቡ “ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?” አላት። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ የምታውቀው አህያም “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” አለችው ይባላል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የምወግነው ለአህያዋ ነበር። እናንተስ? ራሱን ጅብ አድርጎ ተረት የሚሰማ ማን አለ!

ባለፈው ጥር ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠናለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዱላ ላይ የታሰረ መረብ ይዛ መጣችና “ጋሼ፣ የቀበናን ወንዝ ጤና ልመረምር ነው፤ ካልደከመዎት አብረን እንሂድ” አለችኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው? ሄድኩ። በልቤ ግን ‘ለቀበና ጤና ደግሞ መረብ ምን ያደርጋል፤ አፍንጫ አይበቃም ወይ?’ እል ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወንዙ ገና ቤቶች መሃል ወዳልገባበት ነው። ልጅቱ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ገባችና መረቡን ከታች ደግና ድንጋዮቹን በእግሯ ታተራምስ ጀመር። የያዘችውን ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ስትገለብጠው ሳህኑ ሕይወት ዘራ። ክር የመሰሉ ሦስት ጭራዎች ያሏት ደቃቅ ዕጭ አለች። የአሸዋ ቅንጣት እያጣበቀ ለራሱ ቤት የሚሠራ ሌላም አለ። “እነዚህ ኦክስጅን ሲያንስ አይችሉም። ወንዝ ሲታመም ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው” አለችኝ። ቆጥራ፣ መዝግባ መለሰቻቸው።

ቀጥለን ከሰፈራችን በታች ወረድን። ያው መረብ፣ ያው ሳህን። እዚህ የተገኘው ግን ቀይ ትል ብቻ ነው። ቅላቱ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው አሉ፤ በዚያም የተነሳ ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥ ይኖራል። ኦክስጅኑን የሚጨርሱት ደግሞ ከየቤታችን የሚወጣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው።

“ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ መውሰድ አይሻልም?” አልኳት።

“እሱም ያስፈልጋል ጋሼ፤ የመርዙን ስም የሚነግረን እሱ ነው። ግን ጠርሙስ የሚያውቀው የተቀዳበትን ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት አልፎ ሄዷል። ዕጯ ግን ሳምንታትና ወራት እዚሁ ስለምትኖር የሌሊቱንም ታውቃለች።”

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮልክዊትዝና ማርሶን የተባሉ ጀርመናውያን ወንዝን በነዋሪዎቹ መመዘንን በሥርዓት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 ነው።

ልጅቱ ስትመዘግብ እኔ ቀና አልኩ። ከገደሉ ጫፍ አንድ ግራጫ ቱቦ ብቅ ብሎ ይንጠባጠባል። አወቅኩት። የእኛ ግቢ ቱቦ ነው! ሽንት ቤቱ በሞላ ቁጥር የመምጠጫ መኪና ከመጥራት ብለን፣ ከዓመታት በፊት አዋጥተን ያስቀበርነው።

“እኛ ብቻ አይደለንም እኮ!” አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

“አዎ ጋሼ። ብቻችሁን ብትሆኑማ ወንዙ ይችላችሁ ነበር።”

ይህች ንግግር እንቅልፍ ነሳችኝ። እውነቷን ነው። የእኔ ቱቦ ብቻ ቢሆን ወንዙ አይታመምም። የእኔን ብቻ ብዘጋም ወንዙ አይድንም። ታዲያ ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለካ ጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ለሃምሳ ሲከፋፈል ለማንም አይከብድም።

መልሱን ያገኘሁት ወደ ታች ሳስብ ነው። ቀበና ከታላቁ አቃቂ ይቀላቀላል። በአቃቂ ውሃ አትክልት ይለማል፤ እኛም እንበላዋለን። ከዚያ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ፤ ከዚያ ቆቃ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የጣልነው ሁሉ ባሕር ገብቶ አይጠፋም ማለት ነው። እናም ሃምሳ ሆነን የተካፈልነውን ጥፋት፣ ከታች ያለው ሰው ሃምሳኛውን ብቻ አይደለም የሚቀበለው። ሙሉውን ነው። ክፍፍሉ የሚያቀለው ለጣዩ እንጂ ለተቀባዩ አይደለም።

የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ሣርና አግዳሚ ወንበር ማን ይጠላል? ዳርቻ ማማር ግን አንድ ነገር ነው፣ ወንዝ መዳን ሌላ። ከድንጋዩ ሥር ማን እንደሚኖር ሣሩ አይነግረንም።

በሳምንቱ የግቢውን ሰዎች ሰብስቤ ቱቦው ይዘጋ፣ ለመምጠጫ መኪና እናዋጣ አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። ቀጥሎ አንዱ ጎረቤቴ ቆጣ ብሎ “የላይኞቹ ሳይዘጉ እኛ ምን አግብቶን! የእነሱን ቆሻሻ አይደል እንዴ ስናሸት የምንውለው?” አለ።

አልተሳሳተም፤ ከእኛ በላይ ያሉትም ቱቦ አላቸው። እነሱም ቢጠየቁ ከእነሱ በላይ ያለውን እንደሚያሳዩ አልጠራጠርም። ወደ ላይ እያየን ሁላችንም አህያ ነን። ከታች ያለው ቀና ብሎ ሲያየን ማንን እንደሚያይ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

እኔ ድርሻዬን አስቀምጫለሁ፤ ሦስት ቤቶችም ተከትለዋል። ልጅቱ ለመጪው ጥር መረቧን ይዛ ትመጣለች። ያቺ ባለ ሦስት ጭራ በአንድ ዓመት እንደማትመለስ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳህኑን የምይዘው እኔ ነኝ።