ጀበናዋን ወድዶ ሠሪዋን መናቅ

ዕቃን እየወደዱ ሠሪውን መናቅ ይቻላል? መቻሉንስ ይቻላል፤ ስንኖርበት ኖረናል እኮ። እኔን የሚገርመኝ እንዴት ሳይከብደን እንደቆየ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ቡፌ ያለበት ቤት ስገባ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ያርፋል። አበባ የተሳለበት፣ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የተከበበ የሻይ በራድ ከነሲኒው ተደርድሯል። ሻይ አይቀዳበትም፤ ለዓይን ነው። የፈረንጅ ዕቃ ስለሚመስል ይከበራል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ግን የሻይ ዕቃን ከቻይና አይተው ነው የተማሩት፤ ታዋቂው ሰማያዊ የአኻያ ዛፍ ሥዕላቸው እንኳ ቻይናን አስመስለው የፈጠሩት ነው።

ከእነሱ መካከል ጆሳያ ዌጅውድ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር። በ1765 እ.ኤ.አ. ንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ አዘዘችው፤ በኋላም የንግሥቲቱ ሸክላ ሠሪ ተባለ። ስሙን በዕቃው ግርጌ ያትም ነበር። ሙያው ማዕረጉ ሆነ።

የእኛዋ ጀበናስ? ጭቃው ይቦካል፣ በሴት እጅ ቅርጽ ይይዛል፣ በእሳት ይቃጠላል፣ ገበያ ይወጣል። ገዥው መታ መታ አድርጎ ድምጿን ያዳምጣል፤ የሠሪዋን ስም አይጠይቅም። ቤት ወስዶ ያሟሻታል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳባታል። ለሠሪዋ የተረፋት «ቡዳ» መባል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ አፍን ይይዛል እንጂ ልብን አይይዝም፤ ዛሬም ከሸክላ ሠሪ ቤት ጋብቻ የሚሸሽ አለ።

«ዋጋዋን ከፍለናል፣ ምን በደልናት?» የሚል ይኖራል። የተከፈለው ግን የጀበናዋ ዋጋ ነው። ቡና ደግሞ ለብቻ አይጠጣም፤ ጎረቤት ይጠራበታል። ወሎ እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል ብለን እንኮራለን፤ ኩራቱም የሚገባ ነው። ታዲያ ከዚያ ክብ ውስጥ ጀበናዋን የሠራችው ሴት ከጎደለች፣ ሃይማኖት ያልለየውን በሙያ ለይተናል ማለት ነው።

በራዱ ቡፌው ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱ ምን አጠፋ? እኔ የምለው ጀበና ስንገዛ «እታለም፣ ስምሽን ማን ልበል?» እንበል ነው። መንገዷ በደጃችን ካለፈ ደግሞ፣ ቡና ሲፈላ እንጥራት።