መሬት የገዛ ሰው ውሉን ሊያፈርስ ስለ መቻሉ

ምስጋና ንግድን ለፈቀደ፣ ማታለልንም ለከለከለ ለአላህ ይገባው። ወንድሞች ሆይ፤ መሬት የገዛ ሰው ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላልን? ቢችልስ መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

የሸሪዓ ሊቃውንት ለገዢ ኺያርን፣ ይኸውም የምርጫን መብት፣ አውቀውለታል። በውሉ ጊዜ ቀን ወስኖ ምርጫውን ያቆየ ሰው በተወሰነው ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ሻጩ የሸሸገውን ነውር ያገኘም ዕቃውን መልሶ ዋጋውን ይቀበላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው እርጥብ ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገውን ነጋዴ ገሥጸዋል።

እንግዲህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በሚሸጠው የእርሻ መሬት ውስጥ እርጥቡ የት ነው? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። ቤት ይሸጣል፤ የሊዝ መብትም በሕግ ወግ ይተላለፋል፤ ገበሬው ግን ይዞታውን በዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ውል ገዢው ወዶ የሚያፈርሰው ሳይሆን ከመጀመሪያውም ያልቆመ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ፣ በሽማግሌ ፊት የተጻፈው ወረቀት ለገዢው ጋሻ አልሆነውም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1815፣ ውል ሲፈርስ ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ያዛል። ሸሪዓም ከዚህ አይርቅም፤ በፈራሽ ሽያጭ የተያዘ ገንዘብ ለያዘው ሐላል አይሆንለትምና። መሬቱ ስለ ተወደደ «ሕጉ ውሉን አፍርሶታል» ብሎ መሬቱን መልሶ ይዞ ገንዘቡን የሚያስቀር ሻጭ የሰው ገንዘብ በላ።

ለገዢውም ፈተና አለበት። ነውሩን ካወቀ በኋላ ወደ ሻጩ መሄድ ይከብደዋል፤ ገበሬው ገንዘቡን በልጆቹ ቀለብ ጨርሶት ይሆናል። ወረቀቱን ለሌላ ሰው አትርፎ መሸጥ ግን ይቀለዋል። ይህን ያደረገ እርጥቡን እህል በደረቅ ሸፍኖ አቀረበ እንጂ በመብቱ አልተጠቀመም። የማፍረስ መብቱ በሸጠለት ሰው ላይ ነው፤ ምንም በማያውቅ በሦስተኛ ሰው ላይ አይደለም፤ ያም ሰው እስላም ይሁን ክርስቲያን ማታለሉ ያው ማታለል ነው።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፤ ገንዘብህን ከወሰደው ሰው ጠይቅ፤ ሻጩ ድኻ ቢሆን እስኪያገኝ ታገሠው፤ ዕዳውንም በጽሑፍና በምስክር አጽና። አላህ ገበያችንን ከማታለል ይጠብቅልን፤ አሚን።