«ለኸይር ብዬ ነው» ማለት ይበቃናልን?



በበጎ ልብ የተሰጠ ምክር ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው ከሌላ ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ስለ ደረሰ ነው።

ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት አንዲት እናት ጎረቤቴ ነበሩ። ጣቶቻቸውና ጉልበታቸው እያበጡ ስለሚያሠቃዩአቸው ሱጁድ መውረድ ተስኗቸው ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዱ ነበር። ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት አዞላቸዋል። እኔ ግን አንድ ቀን ከኑር (በኒን) መስጊድ ዐስር ሰግጄ ስመለስ ጎራ ብዬ፣ «እማማ፣ ይህ ኪኒን ጨጓራዎን ይልጠዋል፤ ይተዉት። እርድና ዝንጅብል ከጥቁር አዝሙድ ጋር አፍልተው በማር ይጠጡ፤ ይበቃዎታል» አልኳቸው። አመኑኝ፤ መድኃኒቱን ተዉት። ከወራት በኋላ ጣቶቻቸው ጎብጠው ቀሩ። ሲያዩኝ ግን «ልጄ፣ አንተ ለኸይር ብለህ ነው» አሉኝ። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅመሞቹ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ብግነትን የመቀነስ ጠባይ አለው፤ የጉልበት መገጣጠሚያቸው በዕድሜ ባለቀባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ሕመምን በመጠኑ ሲያስታግስ ታይቷል። ሆኖም በጥናቶቹ የተሰጠው ከእርዱ ተለይቶ የወጣው ኩርኩሚን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀን ከ500 ሚሊ ግራም አያንስም። በእርድ ዱቄት ውስጥ ግን ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ 3 ግራም በሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ቢገኝ ነው። እሱም ቢሆን ቁንዶ በርበሬ ካላገዘው ወደ ደም በቀላሉ አይገባም።

ትልቁ ስሕተቴ ግን ሌላ ነው። «ቁርጥማት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። የአንዱ መገጣጠሚያ በዕድሜ ያልቃል፤ ሌላውን ሪህ ይይዘዋል፤ የእኚህ እናት ግን የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ነው። በጊዜ ካልታከመ አጥንት ይበላል፤ የተበላውም አይመለስም። እኔ የራሴን ጉልበት ያስታገሰኝን ለእርሳቸው በሽታ አዘዝኩ።

«ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ ተወድሶ የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ነገር ግን እንደ ኸጧቢ ያሉ ዑለማ ቃሉ ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገበት የተወሰነ ነው ብለዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን እናገኛለን። ንያ አላህ ዘንድ ዋጋ አለው፤ የጎበጠ ጣት ግን አያቃናም። በስሕተት ለጠፋ ሕይወት እንኳ ሸሪዓ ደያ ደንግጎ የለምን?

እንግዲህ ቅመሙን እንጠጣ፤ ለሐኪማችንም እንንገር። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እርድና ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። «ይህን ሞክሩ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ያንን ተዉ» ማለት ግን የሰው አካል በእጅ መያዝ ነውና ከባድ አማና ነው።

እኚያን እናት አውፍ እንዲሉኝ ጠይቄ አውፍ ብለውኛል። ዛሬ በተዛወሩበት ሰፈር እየሄድኩ ለቀጠሯቸው ሐኪም ዘንድ አደርሳቸዋለሁ። ዕዳዬ ተከፍሏል ግን አልልም።

ወላሁ አዕለም።