ዐይን ስለሌለው ሻጭ

ሰው በሰው ፊት ታማኝ መሆኑ ብዙ አያስደንቅም። የባለ ሱቁ ዐይን በእጁ ላይ ሳለ የሚሰርቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሻጩ ዐይንና ጆሮ የሌለው ብረት ቢሆን፥ ገዢውም ብቻውን ቢቆም፥ ያን ጊዜ ታማኝነታችን ምን ይመስላል? ብረትን ማታለልስ ኃጢአት ነውን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ዋጋውም አንዲት ሳንቲም ናት። ነገር ግን የብዙው ነገር ታማኝነት ከጥቂቱ እንደሚጀምር ጌታችን አስተምሮናልና፥ ትንሽ ነው ብለን አንለፈው።

ሳንቲም ተቀብሎ በራሱ የሚሸጥ መሣሪያ ከጥንት የነበረ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ ሊቅ፥ በአሕዛብ ቤተ መቅደስ የሚቆም የውኃ ማሰሮ አሠራር ጽፎ ትቷል። ለመንጻት የሚሻ ሰው የአምስት ድራክማ ገንዘብ በማሰሮው አፍ ይጥላል፤ ገንዘቡም በዘንግ ጫፍ ባለች ሳሕን ላይ ሲያርፍ ያ ጫፍ ዝቅ ይላል፥ ሌላውም ጫፍ መክደኛውን አንሥቶ ውኃውን ያፈስሳል። ገንዘቡ ከሳሕኗ ተንሸራቶ ሲወድቅ መክደኛው ይመለሳል፥ ውኃውም ይቆማል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1883 እ.ኤ.አ.፥ ፐርሲቫል ኤቨሪት የተባለ ሰው በሎንዶን ፖስት ካርድ የሚሸጥ መሣሪያ አወጣ፤ ይህም በባቡር ጣቢያዎችና በፖስታ ቤቶች በዛ። በ1888 ደግሞ በኒው ዮርክ የባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ማስቲካ የሚሸጥ ሣጥን ቆመ። በእነዚሁ ዓመታት የሰውን ክብደት የሚናገረውም ሚዛን መጣ። ባቡር የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፥ በኪሱም ዝርዝር ሳንቲም አይጠፋም፤ ስለዚህ ጣቢያው ለእነዚህ መሣሪያዎች የተመቸ ስፍራ ሆነ።

ከእነርሱም ለትምህርታችን የሚጠቅመው ሚዛኑ ነው። ሰው በመቆሚያው ላይ ቢወጣ መርፌው ዝም ይላል፤ ሳንቲም ገብቶ መያዣውን ሲያላቅቅለት ብቻ ዞሮ ክብደቱን ያሳያል። እንግዲህ ልብ በል፤ ሰውየው ከመመዘኑ አስቀድሞ ሳንቲሙ ይመዘናል።

ሰዎችም በሳንቲም ፈንታ፥ ስፋቱና ክብደቱ ሳንቲም የሚመስል ቍራጭ ብረት ይከቱባቸው ጀመር። ሠሪዎቹም ቀዳዳውን በሳንቲሙ ልክ አጠበቡት፥ የቀለለውን የሚለይ ሚዛን አበጁለት፥ ብረትን የሚይዝ ማግኔትም በመተላለፊያው አኖሩ። ስለ አንዲት ሳንቲም ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ? በገበያ ያለችውን ባልቴት ለማታለል የሚያፍር ሰው፥ ብረቱን ለማታለል ስላላፈረ ነው።

«ብረት አይራብም፥ አያዝንምም፤ እኔ ማንን በደልሁ?» የሚል ይኖራል። መልሳችን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከብረቱ በስተኋላ ሰው አለ። ማታ ሣጥኑን ከፍቶ የሚቈጥር አለ፤ የጎደለውም ከአንድ ሰው እንጀራ ይጎድላል። ሁለተኛ፥ የሙሴ ሕግ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። ዕውሩ ዕንቅፋቱን ያኖረው ማን እንደ ሆነ አያይም፤ በደሉን የሚያውቁት በዳዩና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ብረቱም ዕውር ሻጭ ነው። ሦስተኛ፥ ቍራጭ ብረት ከትቶ በሚዛኑ ላይ የቆመ ሰው ክብደቱን ያለ ዋጋ ያወቀ ይመስለዋል። መርፌው ስለ ሥጋው እውነቱን ይነግረዋል፤ ነፍሱ ምን ያህል እንደ ቀለለች ግን ያ በሣጥኑ ውስጥ የቀረው ቍራጭ ብረት ይመሰክርበታል። ለንጉሡ ብልጣሶር መቅለሉን ለመንገር በግንብ ላይ የምትጽፍ እጅ መጥታለት ነበር፤ ይህ ሰው ግን ፍርዱን በገዛ እጁ ጽፎአል።

ምናልባት «ይህ የፈረንጅ አገር ታሪክ ነው» ትል ይሆናል። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስብ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ሥርዓት ላይ ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ፥ ማሽኑ ከልክ በላይ እንደሚከፍል የሰሙ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተማሪዎች፥ በአንዲት ሌሊት የራሳቸው ያልሆነውን ገንዘብ ወሰዱ። ብዙዎች ኋላ መልሰዋል፤ የመለሰ ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ስንቱ በልቡ «ማሽኑ ሰጠኝ፤ እኔ አልሰረቅሁም» ብሎ ይሆን? ይህም የዚያ የቍራጭ ብረት ነገር ነው፤ የተለወጠው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንይ። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፥ ከአቃቂ ወደ ዱከም ሲወርድ በገላን ምድር ያልፍ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ በእንዶዴ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በእኛ ከተሞች ግን መንገደኛውን የሚመዝነው አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያ ሣጥን አይደለም፤ ትንሽ ሚዛን በመንገድ ዳር አኑሮ የሚቀመጥ ልጅ ወይም ሽማግሌ ነው። በዚህ ስፍራ ሻጩ ዐይን አለው። የእኛስ ዐይን ያየዋልን?

በገላን፥ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ የፋብሪካ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ሰዓት ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ጕልማሳ በልጁ ሚዛን ላይ ቆመ፥ ቍጥሩንም አይቶ አልወደደውም፤ «ሚዛንህ ውሸታም ነው» ብሎ ሳይከፍል ወርዶ ሄደ። ልጁም ዝም አለ። እኔ በልቤ ፈረድሁበት፤ ከእርሱም የምሻል መሆኔን ለማሳየት ወጥቼ ተመዘንሁ፥ ገንዘብም ሳልቈጥር በልጁ ጨርቅ ላይ ጥዬ አለፍሁ። ሰላም አላልሁትም፥ ፊቱንም አላየሁም። ጥቂት እንደ ሄድሁ ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ልጁ ነበረ። «ጋሼ፥ ሁለት አሥር ብር ተጣብቆ ነው የጣሉልኝ፤ አንዱ የእርስዎ ነው» ብሎ ዘረጋልኝ። ሚዛኑን ለሚያነሣው ሁሉ በመንገድ ዳር ትቶ ነበር የሮጠው። እንዲያስቀረው ብለምነው «ዋጋው አሥር ነው» ብሎ እምቢ አለና ተመለሰ።

ያን ጊዜ አፈርሁ። ያ ጕልማሳ ዋጋውን ነፈገው፤ እኔም ሰውነቱን ነፈግሁት። የብረት ሣጥን የተረፈውን ሊመልስ ከባለቤቱ ኋላ አይሮጥም፤ እኔ ግን ይህን ልጅ እንደ ሣጥን ቈጥሬው ነበር። ከሁላችንም መካከል በሚዛን ሳይቆም ሙሉ ሆኖ የተገኘው እርሱ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ የሻጭ ዐይን የሌለበት ስፍራ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው፤ ገንዘብም ያለ ሰው እጅ በስልክ ይሄዳል፥ ይመጣልም። በብረቱ ፊት ስትቆም ከኋላው ያለውን ሰው አስብ፤ በስሕተት የመጣልህንም ገንዘብ ሳትጠየቅ መልስ። በመንገድ ዳር ያለውንም ባለ ሚዛን ዋጋውን ስትከፍለው ሰላምታህን ጨምርለት፤ ወንድምህ ነውና። የማይታየውን የሚያይ አምላክ፥ በስውር ታማኞች፥ በግልጥም ትሑታን ያድርገን። አሜን።